ጡረታ ወጥተው ሌላ ገቢ ካለዎት፦ የግብር ደረጃዎን ከመጠየቅዎ በፊት ገንዘብዎን ይለዩ

ጡረታ የወጡ ጎረቤቶቼ ስለ ግብር ሲጠይቁኝ ጥያቄያቸው ከመጨረሻው ይጀምራል። «ደረጃዬ የቱ ነው? ‹ለ› ብባል ይሻለኛል ወይስ ‹ሀ›?» ይላሉ፤ ገንዘቡ ከየት እንደገባ ሳይነግሩኝ። ደረጃ የሚነግድና ቤት የሚያከራይ ሰው ጉዳይ ነው። ከጡረታው ሌላ ገቢ ያለው ሰው ሁሉ ነጋዴ ወይም አከራይ አይደለም። ስለዚህ መልሴ ምንጊዜም አንድ ነው፦ መጀመሪያ ገንዘቡን እንደ ምንጩ ይለዩ፤ ደረጃው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

እኔ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሂሳብ ክፍል ፀጉሬ እስኪሸብት ሠርቼ የወጣሁ ሴት ነኝ። የምኖረው ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ በሚወርደው ሰፈር ነው። ጡረታ ብወጣም የሰው ደረሰኝ ማገላበጥ አልተውኩም፤ ክረምት ሲገባ ዕድርተኛው ፌስታል ሙሉ ወረቀት ይዞ ቡና ላይ ይመጣል። የሚመጡት ጥያቄዎች ተመሳሳይ ስለሆኑ መልሱን እዚህ በቅደም ተከተል አስቀምጠዋለሁ።

ከግብር ውጭ የሆነውን አስቀድመው ያውጡ

የጡረታ አበል ላይ የገቢ ግብር የለም። በየወሩ በባንክ ሂሳብዎ የሚገባው አበል ከሌላው ገቢዎ ጋር ተደምሮ አይሰላም፣ ከፍ ወዳለ መቶኛም አይገፋዎትም። «የቤት ኪራዬን ካስመዘገብኩ ጡረታዬን ይቆርጡብኛል» የሚለው ፍርሃት ብዙ ሰው ቤት ውስጥ አለ፤ መሠረት የለውም። አበሉን የሚወስነው የአገልግሎት ዘመንዎና ደመወዝዎ ነው። አንድ ክፍል ስላከራዩ የሚቀነስ ነገር የለም።

ልጆችዎ ከውጭ ለመደጎሚያ የሚልኩልዎትም ገንዘብ ግብር አይከፈልበትም። ዕቁብ ሲደርስዎት ያገኙት ገንዘብም ገቢ አይደለም፤ የራስዎ ቁጠባ ተመልሶ ወደ እጅዎ መጣ እንጂ። የባንክ ወለድና የአክሲዮን ትርፍ ድርሻ ግብር አለባቸው፤ ነገር ግን ከፋዩ ባንክ ወይም ድርጅት ራሱ ቆርጦ ገቢ ስለሚያደርግ እርስዎ ሰልፍ መያዝ የለብዎትም። የተቆረጠበትን ወረቀት ብቻ ያስቀምጡ።

እነዚህ ከወጡ በኋላ የሚቀረው ገንዘብ ነው ሥራ ያለበት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ያድርጉ፦ ጡረታው የሚገባበትን የባንክ ሂሳብ ለጡረታ ብቻ ይተዉት። ኪራዩ ወይም የሱቁ ሽያጭ የሚገባበት ሌላ ሂሳብ ይክፈቱ። ልጅዎ ከዋሽንግተን የላከችው፣ ተከራይ ያስገባውና የጡረታው አበል በአንድ ደብተር ውስጥ ሲደባለቁ የትኛው ከየት እንደመጣ ማስረዳት የእርስዎ ሸክም ይሆናል። የግብር መርማሪው ፊት ቆሞ «ይኼኛው እኮ የልጄ ነው» ማለት ደስ የሚል ነገር አይደለም።

ሠንጠረዥና ደረጃ የተለያዩ ናቸው

ትልቁ ግራ መጋባት የሚመጣው ሁለቱም በፊደል ስለሚጠሩ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌደራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ገቢን በሠንጠረዥ ይከፍላል፦ ከመቀጠር የሚገኝ ደመወዝ ሠንጠረዥ «ሀ»፣ የቤት ኪራይ ሠንጠረዥ «ለ»፣ የንግድ ሥራ ሠንጠረዥ «ሐ»፣ ሌሎች ገቢዎች ሠንጠረዥ «መ» ናቸው። ደረጃ «ሀ» እና ደረጃ «ለ» ደግሞ የግብር ከፋዩን መጠን ያሳያሉ። ስለዚህ አንድ ሰው ቤት በማከራየቱ በሠንጠረዥ «ለ» ይስተናገዳል፤ ገቢው ትልቅ ከሆነ ግን ደረጃው «ሀ» ሊሆን ይችላል። የገቢዎች ቅርንጫፍ መስኮት ላይ ሲጠየቁ «እኔ ‹ለ› ነኝ» ብቻ አይበሉ። «ቤት አከራይ ነኝ» ወይም «ሱቅ አለኝ» ይበሉ፤ ባለሙያው ቀሪውን ይለየዋል።

አከፋፈሉን ማወቅ ለጡረተኛ ጥቅም አለው። የተለያዩ ሠንጠረዦች ውስጥ ያሉ ገቢዎች አይደመሩም። ቀን ቀን ተቀጥረው የሚያገኙት ደመወዝ ለብቻው፣ የግቢዎ ክፍል ኪራይ ለብቻው ይሰላል፤ ሁለቱም ከግብር ነፃ የሆነውን መነሻቸውን ይዘው ይቆያሉ። በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ያሉት ግን ይደመራሉ። ሁለት ቤት የሚያከራይ ሰው ሁለቱን ኪራይ፣ ሁለት ሱቅ ያለው ሰው ሁለቱን ሽያጭ አንድ ላይ ያቀርባል።

ተቀጥረው የሚሠሩ ከሆነ

ይህ ቀላሉ ነው። ጡረታ ወጥተው በአንድ የግል ትምህርት ቤት ሂሳብ የሚይዙ፣ ወይም የሕንጻ ጥበቃ የሚያስተባብሩ ከሆነ ግብሩን ቀጣሪዎ በየወሩ ይቆርጣል። ደረጃ የሚባል ነገር አይመለከትዎትም።

ሐምሌ 10 ቀን 2017 ዓ.ም. በፀደቀው የማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 መሠረት ከወር ደመወዝ የመጀመሪያው 2,000 ብር ነፃ ነው። ከዚያ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20፣ እስከ 10,000 ያለው 25፣ እስከ 14,000 ያለው 30፣ ከዚያ በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፈልበታል። በወር 12,000 ብር የሚያገኝ ሰው 2,250 ብር ይቆረጥበታል ማለት ነው። በቀድሞው ስሌት 2,700 ነበር። የደመወዝ መክፈያ ወረቀትዎ ላይ ያለው ቁጥር ከዚህ ከተለየ የሂሳብ ክፍሉን በትሕትና ይጠይቁ፤ አሮጌውን ሠንጠረዥ ኮምፒውተሩ ላይ ያልቀየረ ቀጣሪ ሊኖር ይችላል።

ደመወዝ ነው ወይስ የአገልግሎት ክፍያ የሚለውን ግን ከመፈረምዎ በፊት ይለዩት። ብዙ መሥሪያ ቤት ጡረተኛ ባለሙያን «በአማካሪነት» ይቀጥራል። ሰዓት ፈርመው የሚገቡ፣ አለቃ ያለዎት፣ በየወሩ የሚከፈልዎት ከሆነ ተቀጣሪ ነዎት። ሥራ ጨርሰው ደረሰኝ ቆርጠው የሚከፈልዎት ከሆነ ደግሞ ነጋዴ ነዎት፤ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ዓመታዊ ማሳወቂያ ይከተላሉ። መለያ ቁጥር የሌለው ሰው ላይ የ2008ቱ አዋጅ ከክፍያው 30 በመቶ ተቆርጦ እንዲቀር ያዝዝ ነበር። «ጋሼ፣ ዝም ብለው ይፈርሙ፤ በኋላ ይስተካከላል» የሚል ወጣት አስተዳዳሪ ሲያጋጥምዎት አይፈርሙ።

ቤት የሚያከራዩ ከሆነ

እዚህ ላይ ረዘም አደርገዋለሁ፤ መሀል ከተማ የሚኖር ጡረተኛ ተጨማሪ ገቢው በአብዛኛው ከዚህ ነውና። ከግቢው ጀርባ ያለች ሰርቪስ ክፍል፣ ልጆች አግብተው የወጡበት ሁለት ክፍል፣ ኮንዶሚኒየም። የቀበሌ ቤት ክፍል ማከራየት ሌላ ጣጣ ነው፤ ግብር ከመነሳቱ በፊት ራሱን ቤቱን ያሳጣል፤ እሱን አልመክርም።

ከግብሩ በፊት ውሉ አለ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያስገድዳል። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ክፍያውም በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክስ መንገድ ነው። በጥሬ ገንዘብ ተቀብሎ፣ በቃል ተስማምቶ ማከራየት በሕግ ቀርቷል። አዲስ አበባ ውስጥ ምዝገባው በወረዳው የቤቶች ጽሕፈት ቤት ነው። ውሉ ላይ የሰፈረው ቁጥር ደግሞ ለገቢዎች ቅርንጫፍ የእርስዎ ገቢ ሆኖ ይቀርባል። ስለዚህ ለተከራዩ አዝነው ከውሉ በታች የሚቀበሉ ከሆነ ውሉን ያስተካክሉ፤ ያልተቀበሉትን ገንዘብ ግብር መክፈል ደግነት አይደለም።

አሁን ወደ ስሌቱ። በማሻሻያው አዋጅ መሠረት በዓመት የመጀመሪያው 24,000 ብር የሚታሰብበት ገቢ ነፃ ነው። ከዚያ እስከ 48,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 84,000 ያለው 20፣ እስከ 120,000 ያለው 25፣ እስከ 168,000 ያለው 30፣ ከዚያ በላይ ያለው 35 በመቶ ነው። የሚታሰብበት ገቢ ማለት ግን ጠቅላላ ኪራዩ አይደለም፤ ወጪ ተቀንሶ የሚቀረው ነው። አከራዩ በእውነት የሚመርጠው ነገር ያለው እዚህ ነው። ወይ የሂሳብ መዝገብ ይይዛሉ፣ ወይ አይይዙም።

መዝገብ ለማይዝ አከራይ የ2008ቱ አዋጅ ከጠቅላላ ኪራዩ ግማሹን ለጥገናና ለእርጅና ብሎ ያለ ደረሰኝ ይቀንስለት ነበር። ለሚከፍሉበት ዘመን የሚሠራበትን መቶኛ ከቅርንጫፉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንብበው ወይም ጠይቀው ቁጥሩን በእሱ ይተኩ፤ የማሳይዎት የአሠራሩን መንገድ ነውና በግማሹ አሰላዋለሁ።

አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ጎረቤቴ ሁለት ክፍል በወር 8,000 ብር ያከራያሉ እንበል። በዓመት 96,000 ብር ነው። ግማሹ ቢቀነስ 48,000 ይቀራል፤ ከዚያ ላይ 24,000 ነፃ ነው፤ የቀረው 24,000 በ15 በመቶ 3,600 ብር ግብር ያመጣል። በወር 300 ብር።

እኚሁ መምህር መዝገብ ይዘው በዓመቱ ያወጡት ወጪ 12,000 ብር ብቻ ቢሆን የሚታሰብበት ገቢያቸው 84,000 ይሆናል። ግብሩ 10,800 ብር። መዝገብ መያዛቸው ከሦስት እጥፍ ጎዳቸው ማለት ነው። በተቃራኒው ቧንቧው ፈንድቶ፣ ኮርኒሱ ረግፎ፣ ግድግዳው ታድሶ የጥገና ወጪያቸው በደረሰኝ 70,000 ብር ከደረሰ፣ የሚቀረው 26,000 ነው፤ ግብሩ 300 ብር ብቻ።

ይህን ሳስረዳቸው መምህሩ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው «ታዲያ ልጄ፣ የትኛውን ልያዝ?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ቤቱ አዲስ ነው ወይስ አሮጌ?» አልኳቸው። ቤታቸው የአባታቸው የጭቃ ቤት ነው። «እንግዲያው ከመስከረም ጀምረው ደረሰኝ ይሰብስቡ፤ ሰኔ ላይ ደምረን እናያለን» አልኳቸው። አሮጌ ቤት፣ የባንክ ብድር ያለበት ቤት፣ ኢንሹራንስ የሚከፈልበት ቤት መዝገብ መያዝ ያዋጣዋል። መዝገብ የያዘ አከራይ የመሬት ኪራዩን፣ ጥገናውን፣ የሕንጻውንና የዕቃውን የእርጅና ቅናሽ፣ የብድር ወለዱን፣ የኢንሹራንሱን ዓረቦንና ለከተማው የከፈለውን ክፍያ ማስቀነስ ይችላል። ጥገና የማይፈልግ፣ ዕዳ የሌለበት ኮንዶሚኒየም ያለው ሰው ግን መዝገብ ይዞ የሚያተርፈው ድካም ነው።

ኪራዩ መኖሪያ ካልሆነ፣ ለምሳሌ የመንገድ ዳር ክፍልዎን ለፀጉር ቤት ካከራዩ፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። የመኖሪያ ኪራይ ላይ ይህ ታክስ የለም።

ሱቅ ወይም ሙያ ያለዎት ከሆነ

ደረጃ የሚለው ቃል በእርግጥ የሚመዝነው እዚህ ነው። ቀድሞ ደረጃዎች ሦስት ነበሩ፦ ዓመታዊ ገቢው 1,000,000 ብርና ከዚያ በላይ የሆነ «ሀ»፣ ከ500,000 እስከ 1,000,000 የሆነ «ለ»፣ ከዚያ በታች ያለው «ሐ»። ደረጃ «ሐ» ቁርጥ ግብር ከፋይ ነበር (ያለ መዝገብ፣ በግምት የተቆረጠለትን የሚከፍል)፤ በ2009 ዓ.ም. ክረምት ያን ሁሉ ጩኸት ያስነሳው የቀን ገቢ ግምት የወደቀውም በአብዛኛው በእሱ ላይ ነበር። በማሻሻያው አዋጅ ሦስቱ ወደ ሁለት ወርደዋል። 2,000,000 ብርና ከዚያ በላይ የሚያንቀሳቅስ ግለሰብ ደረጃ «ሀ» ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ደረጃ «ለ»። ስለዚህ የድሮ ወረቀትዎ ላይ «ሐ» የሚል ካለ አሁን ቦታዎ «ለ» ነው፤ ይህን ራስዎ ቅርንጫፉ ሄደው በፋይልዎ ላይ መስተካከሉን ይዩ።

ድርጅት የሆነ ሁሉ ግን ሽያጩ የፈለገውን ያህል ትንሽ ቢሆን ደረጃ «ሀ» ነው። ይህን የምለው ልጆች አባታቸውን «አብረን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እናቋቁም» ሲሉ ስለማይ ነው። ለአንዲት የመጻሕፍት መሸጫ ማኅበር ማቋቋም ማለት ሙሉ የሂሳብ መዝገብ፣ የሂሳብ ባለሙያ ክፍያና ከትርፉ 30 በመቶ ግብር ማለት ነው። የግል ንግድ ፈቃድ ያለው ሰው በመዝገብ ቢስተናገድ ትርፉ በደረጃ በደረጃ ከዜሮ እስከ 35 በመቶ ይሰላለታል፤ ትርፉ ትንሽ ለሆነ ጡረተኛ ይህ ይቀልላል።

ደረጃ «ለ» ግብሩን የሚከፍለው በትርፉ ላይ ሳይሆን በሽያጩ ላይ ነው፤ መቶኛው ሽያጩ ሲያድግ ከ2 እስከ 9 ድረስ ይወጣል። ይህ ለአንዱ በረከት ነው፣ ለሌላው ጥፋት። ሁለት ሰዎችን ልውሰድ።

አንዲት ጡረተኛ ነርስ ቤታቸው ሆነው የሐበሻ ልብስ ይሰፋሉ። ሽያጫቸው በዓመት 300,000 ብር ነው፤ ለጨርቅና ለክር የሚያወጡት 60,000 ብቻ፤ ቀሪው የእጃቸው ሥራ ነው። በትርፍ ቢሰላ 240,000 ብር ላይ 59,400 ብር ግብር ይመጣል። በሽያጭ፣ 3 በመቶ ብለን ብናሰላው፣ 9,000 ብር ነው። እኚህ ሴት ደረጃ «ለ» ላይ ደስ ብሏቸው ይቀመጡ።

ሌላው ዘይት፣ ስኳርና ሳሙና የሚቸረችሩ የቀድሞ ሾፌር ናቸው። ሽያጫቸው 1,400,000 ብር፤ የሱቅ ኪራይና መብራት ከተከፈለ በኋላ የሚተርፋቸው 40,000 ነው፤ የዘይት ንግድ ገንዘብ ያዞራል እንጂ አያተርፍም። በሽያጭ 5 በመቶ እንኳ ቢሰላ 70,000 ብር ነው፤ ያተረፉትን ሁሉ ከፍለው ሌላ ይበደራሉ። በትርፍ ቢሰላ ግን 40,000 ላይ የሚመጣው 2,400 ብር ነው፤ ከሽያጭ የሚታሰብ ዝቅተኛ ግብር የሚመለከታቸው መሆን አለመሆኑን ግን አስቀድመው ቅርንጫፉን ይጠይቁ። እንዲህ ላለ ሰው መዝገብ መያዝ የግድ ነው። በመዝገብ ልስተናገድ የሚለውን ጥያቄ የበጀት ዓመቱ እንደጀመረ፣ ከሐምሌ 1 ጀምሮ ባሉት ቀናት፣ ለቅርንጫፉ በጽሑፍ ያስገቡ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። ሰኔ ላይ ደረሰኝ ፍለጋ መሮጥ መዝገብ አይባልም።

በትርፍ የሚስተናገድ ሰው ዋጋው አለ። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ፣ የሂሳብ ባለሙያ፣ ምናልባትም በየወሩ የሚቀርብ የተጨማሪ እሴት ታክስ ማሳወቂያ። ጉልበትዎ የሚያሳስብዎት ከሆነ ይህን ከብሩ ጋር አብረው ይመዝኑ። በእኔ ግምት ትርፍዎ ከሽያጭዎ ሩብ በላይ ከሆነ ስለ መዝገብ አያስቡ፤ ከአሥር አንድ በታች ከሆነ ደግሞ ያለ መዝገብ አይክረሙ። በመሃል ያለው ሰው ቁጭ ብሎ ያስላ።

ለመሥሪያ ቤቶች የሚሸጡ ወይም አገልግሎት የሚሰጡ ከሆነ ከፋዩ ቅድሚያ ግብር ቀንሶ ያስቀራል። የቀነሰበትን ደረሰኝ ሳይቀበሉ ከቢሮው አይውጡ። ያ ወረቀት ዓመት ሲዘጋ ከሚከፍሉት ላይ የሚቀነስ ገንዘብ ነው፤ ከጠፋ ሁለት ጊዜ ይከፍላሉ።

ወረቀቱ

መዝገብ ሲባል የሚያስፈራ ነገር አይደለም። ጥቁር ጀርባ ያለው፣ መስመር የተሰመረበት ትልቅ ደብተር ከማንኛውም የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ይግዙ። በግራ ገጽ የገባ፣ በቀኝ ገጽ የወጣ። ቀን፣ ከማን ወይም ለማን፣ ለምን፣ የደረሰኝ ቁጥር፣ ብር። ማታ ዜና ከመጀመሩ በፊት ይጻፉ፤ ነገ የሚባል መዝገብ የለም። ለልጅ ልጅዎ ኮምፒውተር አይተዉት፤ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ሂሳብዎም አብሮ ይሄዳል።

ከማሽን የሚወጣው ደረሰኝ በቀለም ሳይሆን በሙቀት ስለሚታተም ጽሑፉ ይጠፋል። ባለፈው ክረምት ከአንድ ሰው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያወጣኋቸው የሲሚንቶ ደረሰኞች ሙልጭ ብለው ነጭ ሆነው ነበር፤ ከላይ የሚታየው የሱቁ ማኅተም ብቻ፤ ብሩም ቀኑም የለም። ደረሰኙን እንደተቀበሉ ፎቶ ኮፒ ያድርጉት፣ ኮፒውን ከዋናው ጋር በስፒል ያያይዙ፣ ከመስኮትና ከምድጃ ያርቁ። ደረሰኙ ላይ የሻጩ መለያ ቁጥር መኖሩንም ይዩ፤ በእጅ የተጻፈ «ሒሳብ ተቀብያለሁ» ወጪ አያስቀንስም።

መለያ ቁጥር ከሌለዎት የፋይዳ መታወቂያዎን ይዘው ቅርንጫፉ ይሂዱ። ተወካይ መላክ ካለብዎት ውክልናው በሰነዶች ማረጋገጫ የተረጋገጠ ይሁን፤ «ልጄ ነው፣ ሁሉም ያውቀዋል» መስኮት ላይ አይሠራም።

አድራሻ የቀየሩ ሰዎች አሁን በዝተዋል። ፒያሳና ካዛንቺስ ሲፈርሱ ሱቁም ቤቱም ወደ ከተማው ዳር ሄዷል፤ የግብር ፋይሉ ግን አራዳ ወይም ቂርቆስ ተቀምጧል። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 እንዲህ ያለ ለውጥ በ30 ቀን ውስጥ እንዲገለጽ ያዝዛል። ካላሳወቁ የግብር ማስታወቂያው ማንም በሌለበት አሮጌ አድራሻ ይደርሳል፤ የተቃውሞው ቀንም እርስዎ ሳያውቁ ይቆጠራል።

ቀኑና ተቃውሞው

የግብር ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ደረጃ «ሀ» እስከ ጥቅምት 30 ጊዜ አለው። ትንሹ ግብር ከፋይ ግን ሐምሌ እንደባተ ይሂድ፤ የመጨረሻዋ ሳምንት ላይ ሰልፉም ዝናቡም ለጡረተኛ ጉልበት አይሆኑም። የሚከፈለው በባንክ ወይም በቴሌብር ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ የክፍያ ማዘዣ ቁጥሩን ይውሰዱና ቤትዎ ሆነው ይክፈሉ። በ983/2008 አዋጅ ማሳወቂያ ያዘገየ ሰው ባልተከፈለው ግብር ላይ ለእያንዳንዱ ወር 5 በመቶ፣ እስከ 25 በመቶ ድረስ ይቀጣል። ገንዘቡ ባይኖርዎት እንኳ ማሳወቂያውን በጊዜው ያስገቡ፤ አለማሳወቅና አለመክፈል ለየብቻ ይቀጣሉና።

የተጻፈልዎት ግብር በዛ ብለው ካመኑ መስኮት ላይ አይሟገቱ። ማስታወቂያው በደረሰዎት በ21 ቀን ውስጥ ተቃውሞዎን በጽሑፍ፣ ከነማስረጃው ያስገቡ፤ ቅጂው ላይ የመዝገብ ቤቱን ማኅተምና ቀን ያስመቱ። «ጡረተኛ ነኝ፣ አቅም የለኝም» የሚል ደብዳቤ ልብ ይነካል እንጂ ግብር አይቀንስም። «ግምቱ የተያዘው በቀን ይህን ያህል ሽያጭ ነው፤ መዝገቤ የሚያሳየው ይህን ነው፤ ደረሰኙ ተያይዟል» የሚለው ይቀንሳል። በውሳኔው ካልረኩ በ30 ቀን ውስጥ ለግብር ይግባኝ ኮሚሽን ማቅረብ ይቻላል፤ ነገር ግን ከሚከራከሩበት ግብር ግማሹን ማስያዝ ይጠይቃል፤ ጡረታን ብቻ ይዞ ይህን መንገድ ከመጀመር በፊት የመጀመሪያውን ተቃውሞ አጥብቆ መጻፍ ይሻላል።

ሥራውን ሲያቆሙ ደግሞ በርዎን ዘግተው ብቻ አይቀመጡ። ሱቁን የዘጋ፣ ፈቃዱን ግን ያልመለሰ ሰው በመዝገብ ላይ እንደነገደ ይቆጠራል፤ ግብርና ቅጣት በየዓመቱ ይጻፍበታል። የመጨረሻውን ግብር ከፍለው ክሊራንስ (የግብር ዕዳ የለበትም የሚል ማረጋገጫ) ይውሰዱ፣ በክሊራንሱ ፈቃዱን ለንግድ ጽሕፈት ቤቱ ይመልሱ፣ የመለሱበትን ወረቀት ይዘው ወደ ገቢዎች ቅርንጫፍ ይመለሱና የንግድ ፋይሉን ያዘጉ። ተከራይ ከወጣና ክፍሉ ባዶ ከሆነም ውሉ የተቋረጠበትን ቀን ወረዳው ላይ ያስመዝግቡ፤ ክፍሉ ባዶ መሆኑ በወረቀት መታየት አለበት።